ሶፍትዌሩ አያፍርም

«ኢንቲግራል ሳይት ላይ ምን ይሠራልኛል?» ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። መልሱም አብሮት ይመጣል፦ «ኢታብስ አለ አይደል እንዴ? እሱ ያሰላዋል። አፕላይድ ማቲማቲክሱን ቀንሱና ሶፍትዌር አስተምሩን።»

ይኼ በሰው ጣሪያ መቀለድ ነው።

ከጎፋ ማዞሪያ ወደ ጎፋ መብራት ኃይል ስትሄዱ ቀና በሉ። ኮንዶሚኒየሙም፣ በባሕር ዛፍ ተደግፎ የሚወጣው አዲሱ ፎቅም ቢም አለው። በሁለት ጫፉ የተደገፈና እኩል ጭነት የተዘረጋበት ቢም ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚጎብጠው እጥፍ አይደለም፤ 16 እጥፍ ነው። 16ቷ ከየት መጣች? ያንኑ «ምን ይሠራልኛል» የተባለውን ኢንቲግራል አራት ጊዜ ከመሥራት። ይህ የገባው ልጅ፣ የቤቱ ባለቤት «ሳሎኑ ይስፋልኝ፣ ይቺን ምሰሶ አንሷት» ሲለው ይደነግጣል። ያልገባው «ችግር የለም» ይላል።

ሶፍትዌሩስ? የሰጡትን ይፈጫል። ጭነቱ ላይ አንድ ዜሮ ብትረሱ አያፍርም፤ ባለቀለም ሥዕሉን አሳምሮ ያወጣላችኋል። «ይኼማ ሊሆን አይችልም» የሚለው ሒሳብ የገባው ሰው ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። አንድ ሕንፃ ሲወዛወዝ ሄዶ ለመመለስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት የሚናገረው ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው፤ ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳው ያው።

ታዲያ ተማሪው ዝም ብሎ ነው የሚያማርረው? አይደለም። ሒሳቡን የሒሳብ መምህሩ አስቀድሞ ሰጥቶት ይሄዳል፤ ቢሙ በሌላ ዓመት፣ በሌላ መምህር ይመጣል። ሁለቱን የሚያስተዋውቃቸው የለም። 70/30 ተብሎ ክፍሉን በተማሪ መሙላት አንድ ነገር ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የመውጫ ፈተና ምርጫ ማስመረጥም ሌላ። ማሰብን ማስተማር ግን ከሁለቱም ይለያል።

ስለዚህ ሒሳቡ አይቆረጥ፤ ከሥራው ጋር ይጋባ። ኢንቲግራል በተማሩበት ሳምንት ቢም ይጉበጥላቸው። ፈተናውም «ኢንቲግሬት አድርግ» ማለቱን ትቶ «ሶፍትዌሩ ይህን ቁጥር አወጣ፤ ታምነዋለህ? ለምን?» ብሎ ይጠይቅ።

አራተኛ ፎቅ ላይ የሚተኛው ሰው ኢንቲግራል ማወቅ የለበትም። አንድ ሰው እንዳወቀለት አምኖ ነው የተኛው።