ገበያው ይፍታው? እስኪ ጣናን ጠይቁት

በእኛ ትውልድ መካከል «ገበያው ራሱ ይፍታው» ማለት የአዋቂነት ምልክት ከሆነ ሰነበተ። ኪራይ ናረ? ገበያው ይፍታው። ዘይት ጠፋ? መንግሥት እጁን ያንሳ፣ ገበያው ይፍታው። በከፊል እንስማማለን። ለስኳርና ለዘይት ቀበሌ የተሰለፍን ልጆች ነንና መንግሥት ነጋዴ ሲሆን ምን እንደሚመስል ነጋሪ አያሻንም። ነገር ግን ይህን አባባል የሚደጋግሙ ወዳጆቻችንን ባሕር ዳር ወስደን፣ ሐይቁ ዳር አስቀምጠን፣ የዓሣ ጉላሽ ጋብዘን አንድ ነገር ብንጠይቃቸው ደስ ይለናል። የዚህ ምግብ ዋጋ ውስጥ ምን ምን ተቆጥሯል?

መረቡ ተቆጥሯል። የጀልባው ነዳጅ፣ የአስጋሪው ድካም፣ የነጋዴው ትርፍ፣ ዘይቱና ሽንኩርቱ ሁሉ ተቆጥሯል። ያልተቆጠረው ራሱ ዓሣው ነው። ጣና ደረሰኝ አይቆርጥምና!

«ምን ችግር አለው? ዓሣ ሲያንስ ዋጋው ይወደዳል፣ ሲወደድ በላተኛው ይቀንሳል፣ ዓሣውም ያገግማል» ይሉናል። ወረቀት ላይ ያምራል። ጣና ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው።

ድሮ አስጋሪው በደንገል ታንኳ ከዳርቻው ብዙም አይርቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገቡ። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ የሚሉት፣ ከደርዘን በላይ ዝርያዎቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይጓዛሉ። ወንዙ አፍ ላይ ሲከማቹ መረብ ይጠብቃቸዋል። እናቲቱ ከነእንቁላሏ ትያዛለች ማለት ነው። ተመራማሪዎች የ1991ን እና የ2001ን (እ.ኤ.አ.) ናሙና ሲያነጻጽሩ፣ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው አገኟቸው። በአሥር ዓመት!

ዋጋው ሲወደድ ለአስጋሪው «አቁም» አይለውም፤ «ፍጠን» ነው የሚለው። እሱ ዛሬ የማራትን ዓሣ ነገ ሌላው ያወጣታል። የቆጠበው ይከስራል፣ የተሻማው ያተርፋል። እባካችሁ «ስግብግብ» አትበሉት፤ ልጆቹን ነው የሚያበላው። የእያንዳንዱ ሰው ሂሳብ ትክክል ነው። ድምሩ ነው የተበላሸው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የገበያ ጉድለት ከሚሏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

«የድህነት ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ካናዳን ይመልከት። ሳይንቲስትም ባንክም ሞልቶት የኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ ተሟጥጦ እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመድ ታገደ፤ 30 ሺህ ገደማ ሰዎች ሥራ አጡ።

እምቦጭም ያው ነው። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጣና ላይ የተንሰራፋው ይህ አረም ከደጋው ታጥቦ በሚወርድ አፈርና ማዳበሪያ ይፋፋል። ማዳበሪያው ሲሸጥ ግን ጀልባው አረም ውስጥ የሚቀረቀርበት ሰው ኪሳራ በዋጋው ውስጥ አልገባም። ገበሬው የራሱን ዳርቻ ቢያጸዳ ነፋሱ የጎረቤቱን አምጥቶ ይዘረግፍበታል። ንጹሕ ሐይቅ ሁሉም ይፈልጋል፣ ለብቻው የሚገዛው ግን የለም። ለዚህ ነው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ሰው በእጁ ሲነቅል የከረመው። ያን ሕዝብ የጠራው ገበያ አልነበረም።

«እንግዲያው መንግሥት ይውሰደው» የምትሉም ቀስ በሉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ (1995 ዓ.ም.) ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነጋሪት ጋዜጣ ግን ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ መረብ አይሰበስብም። ሐይቁን የማያውቅ ሹም ከቢሮው የሚያወጣውን ክልከላ አስጋሪው ሌሊት ይጥሰዋል።

ሦስተኛ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤልን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ከስዊዘርላንድ ግጦሽ እስከ ጃፓን ደን ዞራ ያሳየችው ይህንኑ ነው። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሕግ ሲያወጡ፣ ራሳቸው ሲጠብቁና ራሳቸው ሲቀጡ የጋራ ሀብት ይተርፋል። እሷን ለመስማትም ባሕር ማቋረጥ አያስፈልገንም። የመንዝ ሰው ጓሳን ለዘመናት እየዘጋና እየከፈተ ያቆየው በራሱ ደንብ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በመራቢያው ወራት የወንዞቹ አፍ ይዘጋ። የሚዘጉትም የሚጠብቁትም የአስጋሪ ማኅበራቱ ይሁኑ፤ የመቅጣት ሥልጣንም ይሰጣቸው፣ መንግሥትም ከኋላቸው ይቁም። ሥራ የሚፈቱበትን ወራት ደግሞ እኛ በላተኞቹ እንካሳቸው፤ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ጥቂት ብር ይጨመር።

«ዓሣ ይወደዳል» ትሉን ይሆናል። አዎ፣ ይወደድ! እስከዛሬ የረከሰልን ሒሳቡን ለልጆቻችን ስላስተላለፍነው ነው።