በሬ ሸጦ ጠመንጃ ስለ መለወጥ



በደመወዝ የምንተዳደር ሰዎች በሻይ ሰዓት ስንገናኝ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዘይት ዋጋ እንጂ ስለ ጠመንጃ ዋጋ አንነጋገርም። ነገር ግን ለአገር ቤት ዘመድ ብለን ከምንልከው ገንዘብ ከፊሉ ክላሽ ለመለወጫ እንደሚውል የሚያውቅ ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። በዚህ ዓመት ይኸው ጉዳይ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ፤ አስቤ የደረስሁበትን ባካፍል ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል በማለት ይህን አስተያየት አቅርቤአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፉ በምሥራቅ ጎጃም ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከመሬቱና ከአንድ በሬ ጋራ አንድ ክላሽንኮቭ ትተውለታል። ጠመንጃው ርካሽ ከሚባለው ወገን ነው፤ አካሉ ከብረት ዝርግ ታጥፎ የተሠራ፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ፤ ቀለሙም የተላጠ ነው። ወንድሜ በጥቅምት ወር ስልክ ደውሎ፤ «ጋሼ፤ ይህን ይዤ ሰው ፊት ለመቆም አፈርሁ። የማዶው ጎረቤታችን አዲስ ታጣፊ ገዝቷል። እኔም በሬውን ልሽጥና የጎደለውን አንተ ሙላልኝ» አለኝ።

በደፈናው እምቢ አላልሁትም። ልጅ ሆኜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ የእንጨት ሥራ መምህራችን አሮጌውን መጋዝ ሞርደንና ዘይት ቀብተን ካላሳየነው በቀር አዲስ መጋዝ አይሰጠንም ነበር። ስለዚህ ለገና ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ፤ ቀድሞ በጦር ሠራዊት ያገለገለ አንድ ዘመዳችንን ጠርተን ጠመንጃውን አስመረመርነው።

መጀመሪያ የታየው ነገር ሁላችንንም አስደነገጠን። ጠመንጃው ጥይት እንደ ጎረሰ የወንድሜ ሕፃናት ከሚተኙበት መደብ በላይ ተሰቅሎ ኖሯል። በዕድሜው ስናፍርበት ሳለን ከልጆቻችን ራስ በላይ የተንጠለጠለውን አደጋ ግን አላየነውም ነበር።

ጥይቱ ከወጣ በኋላ ምርመራው ቀጠለ። አፈሙዙ ደህና፤ ሞላውም ደህና ነው። ጉድለቱ የተሰነጠቀው ሰደፍ፤ አፉ የጎበጠው የጥይት ካርታና ለብዙ ጊዜ ያልተጠረገ ጥላሸት ነው። ዘመዳችን እንዳስረዳን፤ ከድሮዎቹ ጥይቶች ብዙዎቹ ሲተኮሱ ጨው መሰል ነገር በአፈሙዙ ውስጥ ይተዋሉ፤ ይህም በውኃ ታጥቦ፤ ደርቆ፤ ዘይት ካልተቀባ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ጠመንጃን ይበልጥ የሚገድለው ከዕድሜው ይልቅ የባለቤቱ ስንፍና ነው።

«ከዝርግ ብረት ስለ ተሠራ ርካሽ ነው» የሚለውም ወሬ ቢሆን ብዙ ቁም ነገር የለበትም። የሶቪየት ሠራዊት ሚካኤል ክላሽንኮቭ የሠራውን መሣሪያ የተቀበለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ሲሆን፤ በ1959 የተሻሻለው ሞዴል ሲወጣ ሶቪየቶች ራሳቸው ክብደቱን ለመቀነስ ሲሉ አካሉን ከዝርግ ብረት አድርገውታል። የቻይናው ሠራሽ ደግሞ የፊት ማነጣጠሪያው ዙሪያውን በቀለበት የተከበበ በመሆኑ ይታወቃል። በገበያ አንዱ ከሌላው እጅግ ይወደዳል፤ ሆኖም ሁለቱም የሚጎርሱት ያንኑ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። በማነጣጠሪያው ላይ እስከ 800 ወይም እስከ 1000 ቁጥር ቢጻፍም፤ በውነቱ አስተማማኝ የሆነው ርቀት ወደ 300 ወይም 400 ሜትር ገደማ ነው። ሰደፉ መታጠፉም ለመሸከም ያመቻል እንጂ ጥይቱን አያሻሽለውም። እንግዲህ በሬው የሚሸጠው ለቀለምና ለስም ነው ማለት ነው።

በቤታችን ጠመንጃ ሲለወጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ቅድመ አያታችን ውጅግራ ነበራቸው፤ አያታችን በጣሊያን ወረራ ዘመን በምንሽር ለወጡት፤ አባታችንም በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተንና መሣሪያ በየገበያው ሲረክስ ምንሽሩን ሰጥተው፤ ጤፍ ጨምረው፤ ይህን ክላሽ ገዙ። የማዶው ቤትም እንደዚሁ በየትውልዱ ለውጧል። እኛ ስንለውጥ እነርሱ ይለውጣሉ፤ እነርሱ ሲለውጡ እኛ እንለውጣለን። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ፍርሃት ግን ባለበት ቆሟል፤ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የበሬው ነገር ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። የእኛ በሬ ተቀናጅቶ የሚያርሰው ከዚያው አዲስ ታጣፊ ገዛ ከተባለው ጎረቤታችን በሬ ጋራ ነው! በሬያችን ቢሸጥ የእኛም እርሻ ጦም ያድራል፤ የእርሱም በሬ ብቻውን ይቀራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቃለን፤ እኛ ግን አብሮን የሚያርሰውን ሰው ለመፎካከር ስንል የምናርስበትን በሬ ልንሸጥ ተነሥተን ነበር። እናታችን ዳር ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው፤ «ለመሆኑ ከበሬው ቀድሞ የሚሸጥ ነገር አጣችሁ?» ቢሉን ወንድሜ መልስ አላገኘም።

የሕጉንም ነገር የመንግሥት ሠራተኛ የሆንን ሰዎች ልንዘነጋው አይገባም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ሆነ መነገድን ይከለክላል። ወንድሜ ሊገዛው ያሰበው ጠመንጃ ደግሞ በደላላ አማካይነት በጨለማ የሚገኝ እንጂ ከሱቅ በደረሰኝ የሚገዛ አልነበረም። ስለዚህ ለውጡ አባታችን ፈቃድ ያወጡበትን መሣሪያ ሰጥቶ ፈቃድ የሌለውን መቀበል ነበር። ከደመወዙ ቀንሶ ገንዘብ የሚልከውም ሰው ቢሆን ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም።

በከተማ ተቀምጦ «ጠመንጃ ምን ያደርጋል» ማለት ቀላል መሆኑን አልክድም። ሌሊት ከብት ሊነዳ የሚመጣ ሌባ ደመወዝተኛውን አይቀሰቅሰውም፤ ፖሊስ ጣቢያውም ከመንደሩ ሩቅ ነው። ጸጥታ በጎደለበት ጊዜ ገበሬው መሣሪያውን የሙጥኝ ቢል የሚፈረድበት አይደለም። ስለዚህ ወንድሜን ጠመንጃውን ጣል አላልሁትም። ያልሁት፤ ከብት ለመጠበቅ ከሆነ ያለው ይበቃል፤ ለመታየት ከሆነ ግን የትኛውም አይበቃም ነው።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። በሬው አይሸጥም። ሰደፉን አናጢ ያድሰዋል። ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሣጥኑንም ዋጋ እኔ ከፍያለሁ። ፈቃዱ ዛሬም በአባታችን ስም ስለ ሆነ፤ ወንድሜ ለወረዳው ፖሊስ አመልክቶ፤ መልሱ ምንም ይሁን ምን፤ አስረክብ ቢባልም እንኳ፤ የታዘዘውን ይፈጽማል። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ማዘግየታችን የራሳችን ጥፋት ነው። ለጠመንጃው ሊውል የነበረው ገንዘብ ደግሞ ለሁለተኛ በሬ መግዣ መጠራቀም ጀምሯል።

ወንድሜ በሙሉ ልቡ ተደስቷል ብዬ አልዋሽም፤ ሲሸኘኝም ብዙ አልተናገረም። ሆኖም በጥር ወር ደውሎ ሰደፉ መታደሱን ነግሮኛል።

እንግዲህ እንደ እኔ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የምትልኩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ «ጠመንጃ ልለውጥ» የሚል ጥያቄ ሲደርሳችሁ ወዲያው አትላኩ፤ ወዲያውም አትቆጡ። አሮጌው ምን እንደ ጎደለው፤ ጥይት ጎርሶ እንደ ሆነ፤ የት እንደ ተሰቀለና ስለ እርሱ ምን ሊሸጥ እንደ ታሰበ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኛ ቤት መልስ የተገኘው ከነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ከአክብሮት ጋራ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ