የግቢው እንግዳ ማነው?

ሣሩ ላይ ከዶሮ ተለቅ ያለ ጠቆር ያለ ወፍ ሲመላለስ ካዩ፣ ልጆቹም «አሞራ መጣ!» ብለው ከጮኹ፣ ማንም ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት ምንቃሩን ይመልከቱ። ቀለም ያታልላል፤ ጥላ ውስጥ ሁሉም ጥቁር ነው። ምንቃር ግን ወፉ በምን እንደሚተዳደር ይናገራል።

ረጅም፣ ቀጭንና እንደ ማጭድ ወደ ታች የጎበጠ ከሆነ እንግዳዎ ጋጋኖ ነው። ጠጋ ብለው ካዩት ጉሮሮው ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ሲነሳ ደግሞ ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ምልክት ይገለጣል። ድምፁን እንኳ ሳያውቁት አይቀሩም። ማለዳ በጣሪያዎ ላይ እያለፉ «ሃ! ሃ! ሃ!» የሚሉት እነሱ ናቸው፤ እሑድ ጠዋት እንኳ አይምሩም።

በአዲስ አበባ ግቢዎች የሚያርፉ ሌሎችም አሉ። ፊቱ ላባ የሌለው፣ ሮዝ መልክ ያለውና ምንቃሩ ቀጭን የሆነው ጥንብ አንሳ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትና ምንቃሩ እጅግ ወፍራም የሆነው ቁራ ነው። ጅራቱ መሐሉ ገባ ያለው ደግሞ ሥጋ ከሳህን የሚመነትፈው ጭልፊት ነው።

ወደ ጋጋኖ እንመለስ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚበደለው እሱ ነው። ሣሩን ስለሚበሳሳ አትክልተኛው «መድኃኒት እንርጭበት» ይላል። ወፉ የሚፈልገው ግን አፈር ውስጥ ያለውን ትልና የጥንዚዛ እጭ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሣሩን ሥር የሚበሉ ናቸው፤ ስለዚህ ሥራውን ቢተዉለት ይሻላል። የተረጨውን ትል ወፉ ይበላዋል፤ ልጆችዎም እዚያው ሣር ላይ ይንከባለላሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1837 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የትም አይኖርም። ቱሪስት ባሕር ተሻግሮ፣ መነጽር አንግቦ የሚፈልገውን እርስዎ በፒጃማ ያዩታል።

ልጆቹን መጋረጃ ጀርባ አስቀምጡና ዝም ብለው ይዩት። ፎቶ ካማራችሁ ውሻው ይታሰር፤ ነጩ ምልክት የሚወጣው ደግሞ ሲበር ስለሆነ ስልኩን እስኪነሳ ድረስ አትመልሱት።

አንድ ነገር ግን አደራ። የአይጥ መርዝ የሚጠቀሙ ከሆነ የሞተውን አይጥ ግቢ ውስጥ ወይም አጥር ሥር አይተዉት። ጭልፊትና ጥንብ አንሳ ያነሱታል። ልጆቹ የሚፈሩት ያ ባለ ሮዝ ፊት ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት የዓለም አእዋፍ ተርታ የተመዘገበ ነው፤ ዋነኛ ገዳዩም መርዝ ነው።