ጓሳን ለቅሬ እንስጠው

የአቀስታ ዙሪያ ደጋ በበልግ ዝናብ ያድራል። በልጉ ከቀረ ገብሱ ይቀራል፤ ገብስ ከሌለ ጭድ የለም፣ በጉም ይከሳል። ያን ጊዜ በገደሉ አፋፍ ላይ የማይጠፋው ጓሳ የሚባለው ሣር ነው። ጉብ ጉብ ብሎ ስለሚበቅል አፈሩን በሥሩ ጨምድዶ ይይዛል፤ ቅጠሉን ውርጭ ቢመታው፣ ድርቅ ቢያከስለው እንኳ ዝናብ ጠብ ሲል ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

ያደግሁት ጓሳ በተከደነ ቤት ነው። አባቴ የክዳኑን ገመድም ከዚያው ሣር ይሠራ ነበር፦ ሣሩን በውሃ ያርስና ጫፉን በእግሩ አውራ ጣት ይዞ፣ ሁለቱን ዘርፍ በመዳፉ እያሸ ይገምደዋል። እያጠረ ሲመጣ አዲስ ጭራ ይጨምርበታል፤ መጋጠሚያው በዓይን አይለይም። እረኛው ከዝናብ የሚከለልበት ገሳም ጓሳ ነበር። ዛሬ ጣራው ቆርቆሮ፣ ገመዱ ናይለን ሆነ፤ ሣሩ ግን ባለቤት አጣ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ማንም ስለማይጠብቀው ያለ ወቅቱ ይታጨዳል፣ ይጋጣል፣ ይቃጠላል፤ ክረምት ሲመጣም አፈሩ ወደ ሸለቆ ይወርዳል።

የመንዝ ሰዎች ጓሳቸውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ዘግተውት ይቆዩና ቀን ቆርጠው በጋራ ያጭዱታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኋላ ላይ ራሳቸው መልሰው አቋቋሙት። ቀይ ቀበሮውም እስከ ዛሬ እዚያ አለ፤ የሚያድናት አይጥ የምትኖረው በሣሩ ውስጥ ነውና።

እኛስ? በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያመጣልና አልቃወመውም። ነገር ግን ጓሳ የችግኝ ጣቢያ እንኳ አያስፈልገውም። ከነሥሩ ነቅሎ፣ ከፋፍሎ፣ ዝናብ ሲጀምር በእርከኑ ጠርዝ መትከል ነው።

«ከብቱስ የት ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ በተለይ መሬት ለሌለው ወጣት። ስለዚህ ተራራው ሁሉ በአንዴ አይዘጋ። በየቅሬው አንድ ተዳፋት ይመረጥ፤ ልቅ ግጦሽ ይቅርና በተራ ታጭዶ ይወሰድ፣ በልግ በቀረ ዓመት ደግሞ መጀመሪያ ለድሃው ይከፈት። ሬሳ አብሮ የሚቀብር ቅሬ ሣር አብሮ መጠበቅ አያቅተውም። ጥር ላይ ለተፋሰስ ሥራ ስንወጣ የሚዘጋው ተዳፋት ይለይ፤ የወረዳው ግብርናም ጓሳን ከሚተከሉት ዝርዝር ውስጥ ያስገባው።