የሜሪ ደመወዝ

ባለፈው ክረምት እህቴን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ሄጄ ነበር። አንድ ቀን እሷ ሥራ ስትገባ እኔ ከፖርትላንድ ከተማ ብዙም የማይርቀውን “ፖርትላንድ ሄድ ላይት” የተባለውን የመብራት ማማ ለማየት ሄድኩ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ዐለት ላይ የቆመ ነጭ ማማ ነው። መርከቦች በጨለማ መንገድ እንዳይስቱ ማብራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1791 ነው። በ1989 መብራቱ በራሱ እንዲሠራ ሲደረግ ጠባቂዎቹ ለቀው ወጡ፤ መኖሪያቸውም በ1992 ሙዚየም ሆነ። እዚያ የጥንት መብራቶችን ብርሃን ወደ ሩቅ የሚያደርሱ ትልልቅ መስተዋቶች ይታያሉ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔን የማረከኝ ግን በዚያ ቤት የኖረው የስትራውት ቤተሰብ ታሪክ ነው።

ጆሹዋ ስትራውት በ1869 በዓመት 620 ዶላር የማማው ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ባለቤቱ ሜሪም በ480 ዶላር ረዳት ጠባቂ ሆነች። “ባሏን ታግዛለች” ተብሎ አልታለፈም፤ የሥራ መጠሪያም ደመወዝም ነበራት። ሥራው ቀላል አልነበረም። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይጠፋ መጠበቅ፣ ዘይት መሙላት፣ መስተዋቱን ከጥላሸት ማጽዳት ነበረባቸው።

በ1877 የረዳትነቱን ቦታ ልጃቸው ጆሴፍ ተረከበ። ሜሪ ከዚያ በኋላ በመዝገብ ላይ ሠራተኛ አይደለችም።

በ1886 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሌሊት “አኒ ሲ. ማጓየር” የተባለች መርከብ ከማማው ሥር ካለው ዐለት ጋር ተጋጨች። አባትና ልጅ ከዐለቱ ወደ መርከቧ መሰላል ዘረጉ። ሜሪ ደግሞ ብርድ ልብስ እየቀደደች፣ በላምባ እየነከረች፣ እያቀጣጠለች እንዳበራችላቸው ይነገራል። የካፒቴኑን ሚስት ጨምሮ በመርከቧ የነበሩት ሁሉ ተረፉ። ከዚያም ሜሪ ዶሮዎቿን አርዳ አበላቻቸው ይባላል።

እንግዲህ አስቡት፤ በዚያች ሌሊት ሜሪ የሠራችው ያለ ደመወዝ ነው። ድካሙ ግን ያው ነው፤ ከመዝገብ ስለወጣች አልቀነሰም።

በእኛም ቤት “እናትህ ምን ትሠራለች?” ሲባል “ምንም፣ ቤት ነው የምትውለው” የሚል ልጅ ብዙ ነው። ከሁሉ ቀድማ የምትነሳው፣ ከሁሉ በኋላ የምትተኛው እሷ ናት። መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት ፎርም ስትሞሉ “የእናት ሥራ” የሚለው መስመር ላይ ስትደርሱ ጥቂት ቆም በሉ። ልጆቻችሁንም ጠይቋቸው፤ እናታቸው ከጠዋት እስከ ማታ የምትሠራውን አንድ በአንድ ይቁጠሩ።