ጉጉቷን ተዉልን

በአዲስ አበባ ሰፈሮች በድምፅ ማጉያ እየተለፈፈ የሚያልፍ ጥሪ አለ፤ የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድኃኒት። ሰው በሩን ከፍቶ ይገዛል። አይፈረድበትም፤ ጤፉ ከጆንያው ሲዘረገፍ፣ የልጁ ደብተር ተቆርጥሞ ሲያድር ዝም ብሎ የሚያይ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያው ግቢ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስትለቅም የምታድረውን ፍጥረት በድንጋይ እናባርራለን።

ጉጉትን ነው የምለው። በተለይም ፊቷ ነጭና የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሆዷ የነጣ፣ በአሮጌ ቤት ኮርኒስና በዛፍ ሽንቁር የምታድረውን።

ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባላል። እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ጉጉት የምትጮኸው ሌሊት ነው፤ ደኅና ያለ ቤተሰብ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝቷል፣ አይሰማትም። የሚሰማት በሽተኛ የሚያስታምም፣ መብራት እንዳበራ የሚያነጋ ቤት ነው። በሽተኛው ካረፈ የሌሊቱ ጩኸት ለለቅሶተኛው ሁሉ ይወራል። ድኖ ከተነሣ ግን ጉጉቷን የሚያስታውሳት የለም። ደግሞስ የምትኖረው የት ነው? በከተማችን ያረጀ ጥድና ወይራ ተርፎ የሚገኘው ባብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ መቃብሩም ያለው እዚያው ነው። ሽንቁር ያለው ዛፍ ፍለጋ የሄደችውን ወፍ የሞት መልእክተኛ አደረግናት። እኔ በዚህ አዝናለሁ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፤ ውለታው አይካድም። ለጉጉት ግን ቤት አይሆናትም። ገና ቀጥ ብሎ እንዳደገ ለአጣና ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይቆረጣል። ሽንቁር የሚያወጣው ያረጀ ዛፍ ነው፤ እኛ ደግሞ ዛፍ ሲያረጅ አንወድም።

አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ያሉ እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይቺን ነገር አባርልኝ፤ ሰው ልታስወስድብኝ ነው» አሉኝ። ከኮርኒሳቸው ትይዩ መሬቱ ላይ አመድማ ድብልብል ነገር ወድቆ አየሁ። ጉጉት አይጡን እንዳለ ትውጠዋለች፤ ሥጋው ሲፈጭ ፀጉሩና አጥንቱ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቆይና መልሳ በአፏ ትተፋዋለች። አንዱን አንሥቼ ውኃ ነከርኩትና ጋዜጣ ላይ በመርፌ ፈታሁት። ከተድበለበለው ፀጉር መካከል ትናንሽ የጎድን አጥንቶች፣ የራስ ቅሎች፣ ከዚያ አንድ መንጋጋ ወጣ፤ የፊት ጥርሱ ብርቱካናማ ነው፣ የአይጥ ጥርስ እንዲህ ነው።

«ጆንያዬን የበላው ይሄ ነው?»

«አዎ እማማ። ይሄ የአንድ ሌሊት ነው።»

አሁንም ስትጮኽ ያማትባሉ፤ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ሲያዩ ግን የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህች ወፍ ባወቅሁ ቁጥር መገረሜ ይጨምራል። የሁለቱ ጆሮዎቿ ቀዳዳ እኩል አይደለም፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ይላል። ድምፅ ወደ ሁለቱ የሚደርስበትን ልዩነት እየለካች ፍጹም ጨለማ ውስጥ የአይጥን ኮሽታ ተከትላ ታገኘዋለች። የክንፏ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ በመሆኑ ስትበር አየሩ አይጮኽም፤ አይጡ መምጣቷን አይሰማም።

ያ በድምፅ ማጉያ የሚሸጠው መርዝ ታዲያ ምን ያደርጋል? በብዛት ከሚሠራባቸው የአይጥ መርዞች መካከል አንዱ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። አይጡ በልቶት ወዲያው አይሞትም፤ ለቀናት እየደማ፣ እየደከመ ይንቀሳቀሳል። ለማደን የሚቀለው ደግሞ የደከመው አይጥ ነው። ጉጉቷ ወይም የቤታችሁ ድመት ያንን ትበላለች፤ ጠንከር ያሉት መርዞች በጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያሉ፣ በአይጥ ላይ አይጥ ሲጨመር ይጠራቀማሉ። ጉጉቷ ስትሞት አይጥ የሚበላ ይጠፋል፤ አይጥ ግን በፍጥነት ይራባል፤ እኛም በድምፅ ማጉያው ጥሪ እንደገና በር እንከፍታለን። የመርዝ ጉዳት በጉጉት ብቻ አያበቃም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 በርካታ የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ለመጥፋት ጫፍ ከደረሱት ተርታ ሲመድብ፣ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነበር።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳዩ ሰዎች አሉ። በእስራኤል ስዴ ኤሊያሁ በተባለው ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) ያሉ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ማሳቸው ዳር ለጉጉት የእንጨት ሳጥን መስቀል ጀመሩ። ዮሲ ሌሼም የተባሉት የአእዋፍ ተመራማሪ ሐሳቡን በአገር ደረጃ አስፋፉት፤ በኋላም የዮርዳኖስና የፍልስጥኤም ገበሬዎች ገቡበት። በዮርዳኖስም ጉጉት እንደ እኛው አገር የክፉ ነገር ምልክት ነበረች፤ ገበሬው ግን ሳጥኑን ሰቀለ። አንድ ጥንድ ጉጉት ከጫጩቶቹ ጋር በዓመት ከ2,000 በላይ አይጥና አይጠ መጎጥ እንደሚበላ ይገመታል። እንግዲህ እነዚያ በጦርነት የተፈላለጉ ጎረቤታሞች በአንድ ወፍ ላይ ከተስማሙ፣ እኛ በአንድ ግቢ የምንኖር ሰዎች መስማማት አያቅተንም።

የምለምነው ብዙ አይደለም። እህሉ ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጥ፣ የግድግዳው ቀዳዳ በሲሚንቶ ይደፈን፣ አይጥ ካስቸገረ በወጥመድ ይያዝ። ግቢያችሁ ውስጥ ያረጀ ወይራ ወይም ጥድ ካለ፣ ቅርንጫፉ ጣሪያ ላይ የሚወድቅ ካልሆነ በቀር አትቁረጡት። ኮርኒሳችሁ ውስጥ የጉጉት ጫጩት ካለ የአይጥ መግቢያ በመዝጋት ስም ቀዳዳውን አትድፈኑ፤ በርረው እስኪወጡ ታገሡ። መርዝ ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁ ደግሞ የሞተውን አይጥ በእጃችሁ ሳትነኩ በፌስታል አንሥታችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ገንዳ ላይ አትጣሉት፤ ጭልፊቱም ቁራውም ጠዋት ቁርሱን የሚፈልገው እዚያ ነው።