የኢንተርኔት ዋጋ በማን ቁና ይሰፈር?

ገበያ ወጥቶ እህል የሸጠ ገበሬ ሁሉ አሳምሮ የሚያውቀው ነገር አለ። ይኸውም በአንዱ ገበያ ጤፍ ረከሰ፣ በሌላው ተወደደ የሚል ወሬ ሲደርሰው ከሁሉ አስቀድሞ «በየትኛው ቁና ተሰፍሮ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ነው። የቁናው ልክ ከገበያ ገበያ ይለያያልና መስፈሪያው ሳይታወቅ ዋጋን ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። ዛሬ በታዳጊ አገሮች መካከል የኢንተርኔት ዋጋ እየተለካ ይህኛው አገር ተሳካለት፣ ያኛው ወደ ኋላ ቀረ ሲባል ይኸው የገበሬ ጥያቄ መነሣት ይኖርበታል።

ጉዳዩ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በአገራችን የተከፈተው የ8028 የግብርና ምክር የስልክ መስመር ገበሬው ያለ ክፍያ እየደወለ ስለ ሰብሉ በድምፅ ምክር እንዲያገኝ ታስቦ የተዘረጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙው አገልግሎት ወደ ኢንተርኔት እየተሻገረ ሄዷል። የገበያ ዋጋ፣ የአየር ጠባይ ትንበያ፣ የተባይና የሰብል በሽታ ሥዕል፣ የባለሙያ ምክር በስማርት ስልክ የሚታይ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በተራ የእጅ ስልክ መሥራቱ ባይቀርም አገልግሎቱ ሰፋ ብሎ የሚገኘው ኢንተርኔት ላለው ሰው ነው። እንግዲህ ኢንተርኔት የራቀው ገበሬ የሚቀርበት የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሳይሆን የሥራ መረጃ ነው። የዓለም አቀፍ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከዓለም የከተማ ነዋሪ ከመቶ 83 እጁ በኢንተርኔት ሲጠቀም፣ ከገጠሩ ሕዝብ ግን ተጠቃሚው ከመቶ 48 እጅ ብቻ ነበር።

የዓለሙ መስፈሪያ

እ.ኤ.አ. በ1865 የተቋቋመውና ዛሬ ከተባበሩት መንግሥታት ልዩ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ይኸው ኅብረት በየአገሩ የሚሸጠውን የኢንተርኔት ዋጋ በየዓመቱ ይሰበስባል። አሠራሩም እንዲህ ነው። በየአገሩ ብዙ ደንበኛ ያለው ድርጅት ከሚሸጣቸው ጥቅሎች መካከል በወር ቢያንስ 2 ጊጋባይት የእጅ ስልክ ኢንተርኔት የሚሰጠው እጅግ ርካሹ ይመረጣል። ዋጋው በዶላር ይተመናል፤ በአገሩ ካለው የመግዛት አቅም ጋርም ይገናዘባል፤ በመጨረሻም ከአገሩ የነፍስ ወከፍ ወርኃዊ ገቢ ከመቶ ስንት እጅ እንደሚሆን ይሰላል። ሦስቱ ስሌቶች ሦስት የተለያዩ ቁናዎች መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከሦስቱ ይበልጥ የታወቀው የመጨረሻው ነው። ይኸው ኅብረትና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቋቋሙት የብሮድባንድ ኮሚሽን መጀመሪያ የመነሻ ኢንተርኔት ዋጋ እስከ 2015 ድረስ ከወር ገቢ ከመቶ 5 እጅ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጦ ነበር። በ2018 ግቡን አጥብቆ እስከ 2025 ከመቶ 2 እጅ በታች እንዲሆን ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው የተመጣጣኝ ኢንተርኔት ጥምረትም 1 ጊጋባይት ከወር ገቢ ከመቶ 2 እጅ እንዳይበልጥ ሲጠይቅ ቆይቷል። የጊዜ ገደቡ ሲቃረብ ግን እጅግ ድሃ ከሚባሉት አገሮች አብዛኞቹ ከመስመሩ በላይ ነበሩ።

ይህ ልክ ጥቅም የለውም ማለት ስሕተት ይሆናል። አገሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ዋጋ የሚያስወድደውና የሚያረክሰው ምክንያት ይገለጣል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ጂዮ የተባለው ድርጅት ገበያ በገባ ጊዜ የውድድሩ ግፊት የኢንተርኔትን ዋጋ ክፉኛ አውርዶ ሕንድን ርካሽ ከሚባሉት አገሮች ተራ አሰልፏታል። በአገራችንም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ዋጋን ከመቶ 43 እጅ ቀንሷል፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር ብቸኛ ሻጭ የነበረበት ዘመን አበቃ። ጎረቤት የደረሰበትን ማየት የራስን ጉድለት ያሳያል። ነቀፌታው ልኩ ለአገር በተሰፋበት መጠን ለገበሬው ተሰፍቶለታል የሚል ድምዳሜ ላይ ሲደረስ ነው።

ዶላሩ ሲረክስ ኪሱ አይሞላም

በመጀመሪያ የዶላሩን ቁና ማየት ይበቃል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 ዶላር ወደ 57 ብር ይመነዘር ነበር። በዚያን ጊዜ 100 ብር የሚሸጥ ጥቅል በዶላር ሲሰላ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ያህል ነው። ምንዛሪው 120 ብር ሲደርስ ያው የ100 ብር ጥቅል 83 ሳንቲም ሆኖ ይጻፋል። በወረቀት ላይ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ፤ ከገበሬው ኪስ የሚወጣው ግን ያው 100 ብር ነው። እንዲያውም ስልኩ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ በመሆኑ ኢንተርኔቱ «ረከሰ» በተባለበት ወር መሣሪያው ሊወደድ ይችላል። ስለዚህ «በዶላር ከጎረቤት አገር እናንሳለን» የሚለው ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አማካይ ገቢ የማን ገቢ ነው?

ከዶላሩ የሚሻለው በገቢ መለካቱ ነው። እዚህም ላይ ግን ዐቢይ ችግር አለ። ለምሳሌ ያህል አሥር ሰዎች ያሉባት አንዲት መንደር ብትኖር፣ ዘጠኙ በወር 2 ሺህ ብር፣ አሥረኛው ነጋዴ 42 ሺህ ብር ቢያገኙ፣ የመንደሩ አማካይ ገቢ 6 ሺህ ብር ይሆናል። የ120 ብር ጥቅል ከአማካዩ በትክክል ከመቶ 2 እጅ ነውና ግቡ ተመታ ይባላል። ከዘጠኙ ለእያንዳንዱ ግን ከመቶ 6 እጅ ነው። ለነጋዴው ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። አማካይ ገቢ ለዘጠኙ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። የአገር ገቢ ሲሰላ ገበሬው አምርቶ ራሱ የሚበላው እህል ጭምር በብር ተተምኖ ይገባበታል። ይህም በስሌት ረገድ ትክክል ነው። ነገር ግን ከጎተራ ወጥቶ ለቤተሰብ ቀለብ የሆነው ማሽላ የስልክ ካርድ አይገዛም። የኢንተርኔት ዋጋ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ የገበሬው ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ከጠቅላላ ገቢው እጅግ ያነሰ ነው። ሚዛኑ ያልተሸጠውን እህል እንደ ተሸጠ ስለሚቆጥር ገበሬውን ካለው በላይ ሀብታም አድርጎ ያሳየዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው የወራቱ ነገር ነው። ከመቶ 2 እጅ የሚባለው የወር ገቢ ደመወዝተኛውን በልቡ ይዞ የተቀመረ ነው። ገበሬ ደመወዝ የለውም። በታኅሣሥና በጥር እህሉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ እጁ ገንዘብ ያያል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል፣ የማዳበሪያው ዕዳ ሲታሰብ፣ ሳንቲም የሚገኘው ዶሮና እንቁላል ተሸጦ ነው። የዓመቱን ገቢ ለ12 አካፍሎ «የወር ገቢው ይህ ነው» ማለት ክረምቱን ከበጋ መደባለቅ ነው። አሳዛኙ ነገር ምክር ይበልጥ የሚያስፈልገው ገንዘብ በሚጠፋበት በዚያው ክረምት መሆኑ ነው። ዋጉ፣ ተምቹ፣ የዝናቡ መዛባት የሚመጣው አውድማ ላይ እህል በሌለበት ወራት ነው።

በጥቅሉ ዋጋ ላይ ያልተጻፈው ወጪ

የጥቅሉ ዋጋ ብቻ ሲታይ የሚሰወር ሌላ ሸክም አለ። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 በማኅበራዊ መገናኛ ተጠቃሚዎች ላይ በቀን 200 ሽልንግ ቀረጥ ጣለች። በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው ይህ በወር 6 ሺህ ሽልንግ ነው። ቀረጡ ከጥቅሉ ተነጥሎ የሚከፈል ስለነበር የድርጅቶቹን የዋጋ ዝርዝር ብቻ የሚያነብ ሰው ሸክሙን ሊያየው አይችልም ነበር። በ2021 ያ ቀረጥ ቀርቶ በኢንተርኔቱ ዋጋ ላይ በሚታሰብ ከመቶ 12 እጅ ቀረጥ ተተካ። የዋጋ ዝርዝርና የሕዝብ ወጪ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በገጠር ደግሞ ተጨማሪው ወጪ ከቀረጥ በላይ ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልክ የሚሞላው በክፍያ ነው። መረቡ ደካማ በሆነበት ስፍራ ከኮረብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ የጠፋው የሥራ ጊዜም ወጪ ነው። መሣሪያው ራሱ ትልቁ እንቅፋት ነው። የተመጣጣኝ ኢንተርኔት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት ወደ 2 ቢሊዮን ተኩል የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖረው ርካሹ ስማርት ስልክ የአማካይ ወር ገቢን ሩብ ወይም ከዚያ በላይ በሚያስወጣባቸው አገሮች መሆኑን አመልክቷል። በብዙ ጎጆ ስልኩ አንድ ብቻ ሆኖ በአባወራው ኪስ ስለሚውል፣ ጓሮውንና ዶሮውን የምታስተዳድረው እማወራ ቤቷ ተጠቃሚ ተብሎ ቢቆጠርም እርሷ ግን አትደርስበትም።

በተጨማሪም ገንዘብ ያነሰው ሰው የወሩን ጥቅል አይገዛም። ርካሽ የሚባለው 2 ጊጋባይት በ120 ብር ቢሸጥ፣ ትንሿ የቀን ጥቅል ደግሞ 50 ሜጋባይት በ5 ብር ብትሸጥ፣ በትንሿ እየገዛ 2 ጊጋባይት የሚያደርሰው ገበሬ 200 ብር ያወጣል። ጨውን በኩንታል የሚገዛና በጭብጥ የሚገዛ ዋጋቸው አንድ እንዳልሆነ ማለት ነው። የዓለሙ ልክ የሚመዘግበው የኩንታሉን ዋጋ ነው። ዋጋን ከሻጩ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ከገዢው አንደበት መስማት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። መቀመጫውን በኬፕታውን ያደረገው ሪሰርች አይሲቲ አፍሪካ የተባለው የጥናት ተቋም የጥቅሎችን ዋጋ ከመከታተል ሌላ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ቤት ለቤት እየጠየቀ ጥናት ማካሄዱ ትክክለኛ አካሄድ ነው።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ድርሻ

«ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ሳይሟላ ስለ ኢንተርኔት ዋጋ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። አባባሉ እውነትነት አለው። ነገር ግን ዋጋው በሚገባ መለካት ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። ገበሬው ለአንድ ወር ኢንተርኔት ሲል ስንት ኪሎ እህል፣ ስንት ቀን ጉልበት እንደሚሰጥ ከታወቀ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ራሱ ይወስናል። ካልታወቀ ግን ሌላው ይወስንለታል።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ አንድ ደብተርና አንድ ጸሐፊ ይበቃዋል። የገበሬ ማኅበሩ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መሪዎች በየወሩ በአንድ የገበያ ቀን የሚከተሉትን ማስመዝገብ ይችላሉ። አንደኛ፣ በቀበሌው የሚሸጠው ርካሹ የ2 ጊጋባይት ወርኃዊ ጥቅል ዋጋ፤ ሁለተኛ፣ ገበሬው በተግባር የሚገዛው ትንሽ ጥቅል ዋጋና መጠን፤ ሦስተኛ፣ በዚያው ቀን የአካባቢው ዋና እህል የኪሎ ዋጋና የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ፤ አራተኛ፣ ስልክ ለመሙላት የሚከፈለው፤ አምስተኛ፣ መረብ ለማግኘት የሚኬደው መንገድ፤ ስድስተኛ፣ ስንት ቤተሰብ ስማርት ስልክ እንዳለውና ከእነዚህ በስንቱ ሴቶች እንደሚጠቀሙበት።

ከዚህ በኋላ የጥቅሉን ዋጋ ለእህሉ ዋጋ ማካፈል ነው። ውጤቱ በኪሎ ይወጣል። ኪሎ በየቀበሌው ያው ኪሎ በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት እህል እስከ ተያዘ ድረስ ጎረቤት ቀበሌዎች ሊወዳደሩበት ይችላሉ። የጥርና የነሐሴ ምዝገባ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ደግሞ በዓመት አማካይ ውስጥ ተደብቆ የነበረው የክረምት ጭንቅ በቁጥር ይታያል። በድርድር ጊዜም ቁጥር ይዞ መቅረብ አቤቱታን ያጠነክራል። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘርፉን የሚቆጣጠር መንግሥታዊ አካል ነውና ምዝገባው በወረዳ በኩል ሊደርሰው ይገባል። አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችም ቢሆኑ በመኸር ከፍሎ በክረምት የሚጠቀሙበት የገበሬ ጥቅል ቢያቀርቡ ገዢ እንደሚያገኙ ከምዝገባው ሊረዱ ይችላሉ።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። አንድ አገር በአማካይ ከመቶ 2 እጅ መስመር በታች በወረደ ቀን ግቡ ተመትቷል ተብሎ ይጻፋል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ገንዘቡና ትኩረቱ ወደ ሌላ ይዞራል። ከዚያ በኋላ «እኛ ዘንድ አልደረሰም» የሚል ገበሬ በቁጥር የተደገፈ ማስረጃ ካልያዘ ሰሚ አያገኝም። ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሌላው እስኪለካላቸው ሳይጠብቁ የመጀመሪያውን ምዝገባ በመጪው የገበያ ቀን ቢጀምሩ፣ የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት የየቀበሌያቸውን ዋጋ በገበሬው ቁና ሰፍረው ማቅረብ ይችላሉ።